አበበ ቢቂላ ከእግሩ በኋላ

አበበ ቢቂላ ሲባል ሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው አንድ ነገር ነው፤ ባዶ እግር። ሮም፣ ምሽት፣ የችቦ መብራት፣ ባዶ እግር። ፎቶውን ፕሮፋይል ያደረገ አለ፣ ጳጉሜን በመጣ ቁጥር ሼር የሚያደርግም አለ። ይገባዋል።

ግን አበበ በሕይወቱ የመጨረሻዎቹን አራት ዓመት ተኩል በእግሩ አልሄደም። ስፖርት ግን አላቆመም። ይሄኛውን አበበ ብዙዎቻችን አናውቀውም። ዛሬ የምናወራው ስለ እሱ ነው። ምክንያቱም በአምባ ጊዮርጊስም ሆነ በዳባት፣ በደባርቅም ሆነ በጎንደር፣ በነርቭ ሕመም ምክንያት ቤት ለዋለ ሰውና ለቤተሰቡ ከሮሙ ድል ይልቅ የሚጠቅመው ይሄኛው ታሪክ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንዲት ነገር፦ የአበበ ቀኖች በእኛ አቆጣጠር ናቸው። የውጭ አገር ሰዎችን ጉዳይ ስናነሳ በፈረንጆቹ እያልን እንለያለን።

የጃቶው እረኛ

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም በሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ነው። የሚገርመው፣ ያን ዕለት አሜሪካ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የኦሊምፒክ ማራቶን ነበር። ጃቶ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው ይኖራል ብላችሁ አታስቡ።

ልጅነቱ የማንኛውም የደጋ ልጅ ልጅነት ነው። ከብት መጠበቅ፣ ዳገት መውጣት፣ ቁልቁለት መውረድ፣ የገና ሰሞን ደግሞ ዱላ ይዞ ሩር መምታት። የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ይህን ሕይወት ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ይቺን የገና ዱላ ግን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ጎልማሳ ሲሆን ወደ አዲስ አበባ ሄዶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። እዚያ ኦኒ ኒስካነን ከሚባል ስዊድናዊ አሰልጣኝ ጋር ተገናኘ። በ1952 ዓ.ም መጋቢት ላይ ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስን አገባ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ ሮም ኦሊምፒክ ነበር።

ሮም ላይ የተሰጠው አዲስ ጫማ አልተመቸውም። በባዶ እግሩ መሮጥ ለእሱ አዲስ ነገር አልነበረምና ጫማውን ተወው። ቀኑ ጳጉሜን 5 ነበር፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ውድድሩ አመሻሽ ላይ ተጀምሮ በጨለማ አለቀ። ወታደሮች በመንገዱ ዳር ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። አበበና የሞሮኮው ራህዲ ቤን አብደሰላም ጎን ለጎን ሲሮጡ ቆዩና፣ ጣሊያን ከአገራችን ወስዳ ሮም ላይ ያቆመችው የአክሱም ሐውልት አካባቢ ሲደርሱ አበበ ጥሎት ሄደ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፤ የዓለም ክብረ ወሰን።

እዚህ ድረስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የማይወራው ቀጣዩ ነው።

ከስምንት ቀን በኋላ፣ እዚያው ሮም ውስጥ፣ ከ23 አገሮች የመጡ ወደ 400 የሚጠጉ ስፖርተኞች ተሰበሰቡ። ሁሉም በዊልቸር ነበሩ። ቀስት ወረወሩ፣ ዋኙ፣ ጠረጴዛ ቴኒስና ቅርጫት ኳስ ተጫወቱ። ዛሬ ያ ውድድር የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ ይቆጠራል። አበበ ያኔ ወርቁን ይዞ ወደ አገሩ ተመልሷል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የእነዚህ ሰዎች ቤት የእሱም ቤት ይሆናል ብሎ የገመተ አልነበረም።

ትርፍ አንጀት፣ ቶኪዮ፣ ቮልስዋገን

ከቶኪዮ ኦሊምፒክ አምስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው አበበ ትርፍ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ሆነ። አስቡት፣ ሆዱ ተከፍቶ የተሰፋ ሰው ነው። እሱ ግን ቁስሉ እንደፈቀደለት እየተራመደ፣ ከዚያ ሶምሶማ እያለ ወደ ልምምዱ ተመለሰ።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም ቶኪዮ ላይ፣ አሁን ጫማ አድርጎ፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጠ። እንደገና የዓለም ክብረ ወሰን። ሁለተኛው ሯጭ የገባው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው። በኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለቴ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው አበበ ሆነ።

ሕዝቡን ያስገረመው ግን ከመስመሩ በኋላ ያደረገው ነው። ሌሎች ሲወድቁና በቃሬዛ ሲወሰዱ፣ እሱ ሳሩ ላይ ወርዶ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ጀርባው ላይ ተኝቶ እግሩን እያነሳ፣ እየታጠፈ፣ እየተዘረጋ ስፖርት ሠራ። ስታዲየሙ በሙሉ ሳቀም አጨበጨበም። ለአበበ እንቅስቃሴ ማለት ውድድር ብቻ አልነበረም፤ ሰውነቱን የሚንከባከብበት መንገድ ነበር። ይህን ደግሞ ልብ በሉልኝ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቶኪዮ ላይ ሁለተኛው ፓራሊምፒክ ተካሄደ። ባሸነፈባቸው ሁለት ከተሞች ሁለቴም የዊልቸር ስፖርተኞች ከኋላው ተከትለው መጡ።

ከድሉ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ነጭ ቮልስዋገን ሸለሙት። ማዕረጉም እያደገ ሄዶ ሻምበል ሆነ። በ1961 ዓ.ም ጥቅምት ላይ ሜክሲኮ ሄዶ ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረ፤ ግን እግሩ ታምሞ ነበርና 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቆመ። ወርቁን ጓደኛው ማሞ ወልዴ ወሰደው። አበበ ያን ጊዜ ገና 36 ዓመቱ ነበር።

መጋቢት 13 ማታ

ሜክሲኮ ካለፈ አምስት ወር ሆነው። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም ማታ አበበ ከአዲስ አበባ ውጭ ያንኑ ቮልስዋገን እየነዳ ሳለ መኪናው ተገለበጠ። ሌሊቱን በሙሉ መኪናው ውስጥ ተጣብቆ አደረ። የተገኘው በማግስቱ ጠዋት ነው።

ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቷል። ከአንገቱ በታች ምንም አይታዘዝለትም። እጁን ማንሳት አይችልም፣ አንገቱን ማዞር እንኳ አይችልም። ሁለት የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረ ሰውነት በአንድ ሌሊት ከአልጋ ላይ የማይነሳ ሆነ።

በመጀመሪያ አዲስ አበባ ክብር ዘበኛ ሆስፒታል ገባ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ደግሞ በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ ከለንደን ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል። ስምንት ወር እዚያ ቆየ።

የዚህን ሆስፒታል ታሪክ ሳናውቅ የአበበን ቀሪ ሕይወት መረዳት አንችልም።

ታማሚውን ከአልጋ ያስነሳው ሐኪም

በፈረንጆቹ 1939 ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ጀርመናዊ ይሁዲ የነርቭ ሐኪም ከናዚዎች ሸሽቶ እንግሊዝ ገባ። በ1944 ስቶክ ማንዴቪል ውስጥ ህብለ ሰረሰራቸው ለተጎዳ ወታደሮች አንድ ክፍል ከፍቶ እንዲመራ ተሰጠው።

ያኔ እንዲህ ዓይነት ጉዳት ማለት የሞት ፍርድ ማለት ነበር። ታማሚው አልጋ ላይ ይተኛል፣ የመኝታ ቁስል ያወጣል፣ ሽንቱ ይመረዛል፣ ብዙዎቹ በጥቂት ወራት ወይም ከአንድ ሁለት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ይሞታሉ። ሐኪሞቹ ክፉዎች ሆነው አይደለም። ምንም ማድረግ አይቻልም ብለው ስለሚያምኑ ነው። ስለዚህ ሰውየውን በሰላም ተኛ ይሉታል።

ጉትማን ይህን እምቢ አለ። በመጀመሪያ ታማሚዎቹ ሌት ተቀን በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አደረገ፣ ቁስሉ ቀነሰ። ቀጥሎ ከአልጋ አስወረዳቸው። ከዚያ ስፖርት አዘዘ። አዘዘ ነው የምላችሁ፤ መድኃኒት እንደሚታዘዝ። ደስ ሲልህ ትሠራለህ የሚባል ነገር አልነበረም፣ የሕክምናው ፕሮግራም ውስጥ የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ ከተጫወቷቸው ጨዋታዎች አንዱ ምን ነበር መሰላችሁ? ዊልቸር ላይ ተቀምጦ፣ በአጭር ዱላ፣ መሬት ላይ ያለ ነገር እየመቱ ማስገባት። በቃ ገና ጨዋታ በሉት። የጃቶው ልጅ ቢያየው ሳይነገረው ሕጉ ይገባው ነበር።

በፈረንጆቹ ሐምሌ 29 ቀን 1948 የለንደን ኦሊምፒክ ሲከፈት፣ ጉትማን በዚያው ቀን ሆስፒታሉ ሜዳ ላይ 16 ታማሚዎችን በቀስት አወዳደረ። ለምን ቀስት? ቀስት መሳብ ክንድን፣ ትከሻንና ጀርባን ያጠነክራል፤ ወገቡ የማይታዘዝለት ሰው ደግሞ ተቀምጦ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ያለማምደዋል። ጨዋታ ይመስላል፣ ግን ሕክምና ነው። የሮሙ የዊልቸር ውድድር የተወለደው ከእነዚህ 16 ሰዎች ነው።

አበበ በ1961 ዓ.ም እዚያ ሲደርስ ጉትማን ከሆስፒታሉ ኃላፊነት ጡረታ ወጥቶ ነበር። አሠራሩ ግን ጡረታ አልወጣም። ያን ክረምት እንዲያውም ንግሥት ኤልሳቤጥ እዚያው የተሠራውን የአካል ጉዳተኞች ስታዲየም መረቁ። አበበንም ሄደው ጠይቀውታል።

ቀስ በቀስ አንገቱ ዞረ። ከዚያ እጆቹ ተመለሱ። እግሮቹ ግን አልተመለሱም፣ እስከ መጨረሻውም አልተመለሱም። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ስፖርቱ የተቆረጠውን ነርቭ አልቀጠለውም። የተረፈውን ሰውነት ግን በሥራ ላይ አዋለው። ከአንገቱ በታች የማይንቀሳቀስ ሆኖ የሄደ ሰው በገዛ እጁ ዊልቸሩን እየገፋ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ተኛ የሚለው ምክር ሌላም ቦታ ነበር

አሁን ለደቂቃ ከአበበ ወጣ እንበል፣ እንመለሳለን።

መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል በሽታ አለ፤ ባጭሩ ኤም ኤስ። ይህም የሚነካው አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን ነው፤ ግን በአደጋ አይደለም። የሰውነታችን በሽታ መከላከያ ራሱ ተሳስቶ የነርቮቻችንን ሽፋን ያጠቃል። የስልካችሁን ቻርጀር ገመድ አስቡት። ላስቲኩ ሲላጥ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ያቋርጣል፣ አንዳንዴ ጭራሽ እምቢ ይላል። ነርቭም ሽፋኑ ሲላጥ እንደዚያ ነው። እግር ይደነዝዛል፣ አንድ ዓይን ይፈዛል፣ ሚዛን ይጠፋል፣ ምንም ሳይሠሩ ድካም ይወድቅባችኋል።

ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ባለው ዕድሜ ነው፤ ማለትም በእኛ ዕድሜ። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን በእጥፍና ከዚያ በላይ ይይዛል። ከምድር ወገብ እየራቁ ሲሄዱ የሚበዛ በሽታ ስለሆነ እኛ ዘንድ ብርቅ ነው ይባላል። ብርቅ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ለመለየት እንደ ኤም አር አይ ያለ ምርመራ ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ በየወረዳው የለም። ስለዚህ እግሩ የደነዘዘ ሰው እኛ አካባቢ ብርድ መታው ይባላል፣ ወይም በደፈናው ነርቭ ነው ይባላል፣ ከዚያ ጋቢ ተደርቦለት ይተኛል።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ለረጅም ጊዜ የሚሉት ያንኑ ነበር። በፈረንጆቹ 1890 ኡቶፍ የሚባል ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለ፦ አንዳንድ የኤም ኤስ ታማሚዎች ስፖርት ሠርተው ሲሞቃቸው ዓይናቸው ይፈዛል። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሐኪሞች የኤም ኤስ ታማሚን አትድከም፣ አትሩጥ፣ ጉልበትህን ቆጥብ እያሉ መከሩ። ነገሩ የሚያመጣው የሰውነት ሙቀት ነው፤ ሰውነቱ ሲበርድ ተመልሶ ይጠፋል፣ ነርቩንም አያበላሽም። ምክሩ ግን ቀጠለ። ታማሚዎቹ ተቀመጡ፣ ሲቀመጡ ጡንቻቸው ሟሸሸ፣ ጡንቻቸው ሲሟሽሽ ደግሞ ድካሙ ባሰ። ከዚያ በሽታው ነው ያባሰበት ተባለ።

በ1996 አሜሪካ፣ ዩታ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች 54 የኤም ኤስ ታማሚዎችን ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ቡድን ለ15 ሳምንታት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን 40 ደቂቃ ስፖርት ሠራ። በሽታው አልባሰባቸውም። የልብና የሳንባ አቅማቸው ጨመረ፣ ጉልበታቸው ጨመረ፣ የመንፈስ ጭንቀታቸው ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናት ተሠርቶ አቅጣጫው ተገለበጠ። በ2020 የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው የእንቅስቃሴ መመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አካል ጉዳተኞች ለብቻው ምክር ሲሰጥ፣ ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ሰዎችንም የኤም ኤስ ታማሚዎችንም አካቷል። ማለትም የአበበ ጉዳትና ይህ በሽታ አንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ። የሚመከረው መጠንም አቅም ለፈቀደለት ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል። አበበ ቶኪዮ ላይ ለመሮጥ ከፈጀበት ትንሽ ከፍ ያለ፣ ያውም በሳምንት ተከፋፍሎ።

ቀስቱ

ወደ አበበ እንመለስ።

ሐምሌ 1962 ዓ.ም፣ አደጋው ከደረሰ ዓመት ከአራት ወር ገደማ በኋላ፣ አበበ በስቶክ ማንዴቪል የዊልቸር ውድድር ላይ ተሰለፈ፤ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ። አንገቱን ማዞር አይችል የነበረው ሰው ማለት ነው፣ ቀስት ስቦ ዒላማ የሚመታው።

ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። የዓለም አንደኛ የነበረ ሰው እንደ ጀማሪ ከሥር መጀመር ነበረበት። ቀስት ላይ ማንም አይፈራውም፣ ማንም ክብረ ወሰን አይጠብቅበትም። በሩጫ የሚያውቀው ዓለም ቁጭ ብሎ እያየው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር እኩል ተሰለፈ። ብዙዎቻችን ከዚህ የተነሳ ነው ስፖርት የማንጀምረው፤ ድሮ የነበርነውን ስለምናስብ።

በ1963 ዓ.ም ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች ውድድር በእንግድነት ተጠራ። እንግዳ ሆኖ ቁጭ ብሎ ማየት ይችል ነበር። እሱ ግን ተወዳደረ። በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ብቻ አይደለም፤ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። የጃቶ እረኛ፣ በረዶ ላይ፣ እግሩ ሳይንቀሳቀስ።

ስለ አደጋው ሲጠየቅ የነበረው አቋም የታወቀ ነው። ድሉንም ጉዳቱንም ከእግዚአብሔር እንደመጣ ተቀብሎታል። እዚህ ላይ የሚገርመው፣ መቀበልን መተኛት አድርጎ አለመውሰዱ ነው። እኛ አገር ሁለቱ ይምታታሉ። አንድ ሰው የመጣበትን ተቀበለ ሲባል ጥጉን ይዞ ዝም አለ ማለት ይመስለናል። አበበ ተቀበለ፣ ከዚያ ቀስቱን አነሳ።

ጳጉሜን 5 እንደገና

በ1964 ዓ.ም መጨረሻ ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ የክብር እንግዳ ሆኖ ተጋበዘ። በመክፈቻው ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት። ማራቶኑ የተሮጠው ጳጉሜን 5 ነበር። አዎ፣ ከሮም ልክ 12 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ቀን። ማሞ ወልዴ ሦስተኛ ወጣ። ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ የአበበን እጅ ጨበጠ።

ዓመት ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም፣ አበበ አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። ምክንያቱ አንጎል ውስጥ የፈሰሰ ደም ነው፤ ከአደጋው ጋር የተያያዘ። ዕድሜው 41 ነበር፣ አራት ልጆችም ነበሩት። ቀብሩ ላይ ንጉሠ ነገሥቱን ጨምሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተገኘ። ያረፈውም በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ነው።

ስፖርት ከሞት አላዳነውም። ከአልጋ ግን አድኖታል። እነዚያን አራት ዓመት ተኩል ጣሪያ እያየ ሊያሳልፋቸው ይችል ነበር፤ እንግሊዝና ኖርዌይ ውስጥ እየተወዳደረ፣ ልጆቹን እያየ አሳለፋቸው። በስሙ አዲስ አበባ ውስጥ ስታዲየም አለ። በ2013 ዓ.ም ደግሞ እሱ ባሸነፈበት ቶኪዮ፣ ትዕግሥት ገዛኸኝ የማየት ጉዳት ላለባቸው በተዘጋጀው 1500 ሜትር ሮጣ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች። አበበ ከፍቶት የሄደው ሁለተኛ በር አለ ማለት ነው፤ ስለ እሱ ብዙ ባናወራም።

ታዲያ እኛስ?

ለጤና ባለሙያዎች፦ የነርቭ ታማሚ ሲመጣ ስፖርትን እንደ መድኃኒት ጻፉለት። ተንቀሳቀስ ብሎ መሸኘት ብቻውን ምንም አይደለም። ኪኒን ስታዙ ስንት፣ በቀን ስንቴ፣ ለስንት ቀን እንደምትሉት፣ እንቅስቃሴውንም ምን ዓይነት፣ ስንት ደቂቃ፣ በሳምንት ስንቴ ብላችሁ እዘዙ። ከቻላችሁ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላኩ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል፣ ለሰሜን ሰው አዲስ አበባ መሄድ ግድ አይደለም።

ለታማሚዎች፦ መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ። ሕመሙ አዲስ የተነሳባችሁ ሰሞን ከሆነ እስኪረጋ ጠብቁ። ከዚያ በትንሹ ጀምሩ፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል። መቆም የሚያቅታችሁ ከሆነ ግድግዳ ወይም ወንበር ያዙ፣ ብቻችሁንም አትሁኑ። መራመድ ካልቻላችሁ ተቀምጣችሁ በእጃችሁ ሥሩ፤ አበበም የሠራው እንደዚያ ነው። ኤም ኤስ ያለበት ሰው ሙቀት ስለሚያስቸግረው ፀሐይ ሳይበረታ ይሥራ፣ ውኃ ይያዝ። በዚህ በኩል አምባ ጊዮርጊስ ያለ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ደጋው ራሱ አየር ማቀዝቀዣ ነው። ብርድ ጡንቻውን የሚያደርቅበት ሰው ደግሞ ትንሽ ረፋድ አድርጎ ይጀምር።

ለቤተሰብ፦ ይሄ ከሁሉ ይከብዳል። እኛ የምንወደውን ሰው እናስተኛለን። ውኃ እናቀብላለን፣ እናጎርሳለን፣ ከተቀመጠበት እንዳይነሳ እንለምናለን። ፍቅር ነው፣ ግን ጡንቻውን የሚጨርሰውም እሱ ነው። ጠበል የሚወስዱት ከሆነ ውሰዱት፣ የሚችለውን ያህል መንገድ ግን በእግሩ ይሂድ። ራሱ መያዝ የሚችለውን ብርጭቆ ራሱ ይያዝ።

በሰፈራችሁ ወይም በዘመድ በኩል እንዲህ ያለ ሰው ካለ ይህን ላኩለት። በሚቀጥለው ጳጉሜን 5 የአበበን ፎቶ ሼር ስታደርጉ ደግሞ፣ በባዶ እግሩ የሮጠበት ጎን ዊልቸር ላይ ሆኖ ቀስት የሳበበትንም ጨምሩበት።